ከእሳተ ገሞራው አፋፍ የደወልኩት ስልክ

እሳተ ገሞራ አይቼ መምጣቴን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «እሳቱ ይታያል ወይ?» ብሎ ነው። አይታይም። ጭስ አለ፣ የድኝ ሽታ አለ፣ ከሥር ደግሞ የሚፈላ ውሃ አለ። ከዚህ በላይ ስለማልናገር «ይቺ ልጅ እዚያ ድረስ ሄዳ ምንም ሳታይ መጣች» እያሉ ያሙኛል። ይሙኝ። ያየሁትን ለመናገር ከማለዳው መጀመር አለብኝ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ።

ትርንጎ እባላለሁ። የምኖረው ቢቸና ነው፤ የደን ባለሙያ ነኝ። ሥራዬን ስናገር «የቱን ደን ነው የምትጠብቂው?» ብለው ይስቁብኛል፤ አልፈርድባቸውም። በእኛ አካባቢ ደን የሚባለው በየደብሩ ቅጥር ውስጥ የተረፈው ጥድና ወይራ ነው፤ ሌላው ባሕር ዛፍ ነው። ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው እየዞርኩ ችግኝ ስቆጥር ዕድሜዬ ሠላሳ አራት ሞላ። ባል የለኝም፣ ልጅም የለኝም። በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ያለኝ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና አፈር የነካው ቦት ጫማ ነው።

እናቴ ሞጣ ነበረች። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ከሥራ ስወጣ ሚኒባስ ተሳፍሬ እሷ ዘንድ እሄድ ነበር። «አንቺ ልጅ ከዛፍ ጋር ቆርበሻል መሰለኝ» ትለኛለች፤ ስትስቅም ስታዝንም እኩል ነው። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። ከእሷ ሌላ የነበሩኝ ታላቅ ወንድሜ አንዳርጌና የእናቴ እኅት እትዬ ማንጠግቦሽ ናቸው፤ ሁለቱም እዚያው ሞጣ፤ የእትዬ ልጅ ሰብለ ቤይሩት ናት።

ኮስታሪካ በምትባል ሩቅ አገር የሦስት ወር የደን ሥልጠና ሲደርሰኝ ለእናቴ ሄጄ ነገርኳት።

«በእግር ስንት ቀን ያስኬዳል?» አለችኝ።

«ባሕር አለ እኮ፣ እማ።»

«እንግዲያው ባሕሩ ጋ ስትደርሺ ዓይንሽን ጨፍኚ» አለችና መረቀችኝ።

እዚያ በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ስደውልላት ስልኳን ወንድሜ አነሳው። ጉልበቷን አሟት ጠበል ገብታለች፣ እዚያ ደግሞ ስልክ አይፈቀድም አለኝ። አመንኩት። ለምን አላምነው? የእኛ ሰው ጠበል ከገባ ሁለት ሱባዔ፣ ሦስት ሱባዔ መቆየቱ ያለ ነው። ሱባዔው ሲያልቅ «ተስማማኝ ብላ ሌላ ጨመረች» ይለኛል። እኔም ድምፄን እየቀዳሁ እልክለትና «አሰማልኝ» እለዋለሁ። አንድ ቀን «አሰማኋት፤ ሳቀች» አለኝ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ሥልጠናው ወደ ማለቁ ሲቃረብ የአንድ ቀን ጉብኝት አዘጋጁልን። ከከተማው በማለዳ ተነሥተን መጀመሪያ ዝናብ የማይለየውን ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ቀጥሎ እስካሁን ድረስ የሚጨሰውን ተራራ አይተን ማታ መመለስ ነው። ሌሎቹ ሠልጣኞች እንደ ሠርገኛ እየዘፈኑ ተሳፈሩ። አጠገቤ የተቀመጠችው የክፍል ጓደኛዬ ግሬስ ነበረች፤ ኡጋንዳዊት ናት፣ ወሬ አይጠፋባትም። እኔ በመስኮት እያየሁ ለእናቴ ስለ ተራራው ምን ብዬ እንደምነግራት አስብ ነበር።

መንገዱ ወደ ደኑ ሊታጠፍ ሲል ስልኬ ጮኸ። የቢሮ ባልደረባዬ ይበልጣል ነው፤ ከቢቸና። ያን ጊዜ በአገራችን ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ይሆናል። መልእክቱን ከመክፈቴ በፊት የመጀመሪያው መስመር በስልኩ ፊት ላይ ታየኝ።

«ትርንጎ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። አርባዋ ላይ መድረስ ስላልቻልኩ…»

የቀረውን ለማንበብ ጣቴን ስጭን ኔትወርኩ ጠፋ። አውቶቡሱ ዛፎቹ ውስጥ ገብቷል።

«አርባዋ» ይላል። አርባ ቀን የሞላት የሞተች ሴት ናት። ማን ናት?

«ምነው፣ አመመሽ?» አለችኝ ግሬስ።

«ራሴን ነው» አልኳት።

አስጎብኚያችን ማርቲን የሚባል ፊቱ የማይጨልም ሰው ነበር። በጠባቧ መንገድ ከፊት ከፊት እየሄደ ዛፉን፣ ሐረጉን፣ በዛፍ ላይ የበቀለውን ሌላ ዛፍ ያሳየናል። እኔ ለዚያ ደን ብዬ ነበር ውቅያኖስ የተሻገርኩት። እንጨቱ ሁሉ ሽበት ለብሷል፣ ቅጠሉ ሰው ያስጠልላል፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ እንኳ ከላይ መንጠባጠቡን አይተውም። ጉንዳኖች ከራሳቸው የሚበልጥ ቅጠል ተሸክመው ተሰልፈው ያልፋሉ። ጓደኞቼ በየእርምጃው ፎቶ ያነሳሉ። እኔ ስልኬን ወደ ላይ ዘርግቼ እሄዳለሁ፤ እነሱ ፎቶ የማነሳ መስሏቸዋል፣ እኔ ኔትወርክ ነው የምፈልገው።

እየሄድኩ የማውቃቸውን ሴቶች ሁሉ አንድ በአንድ አሰብኩ። የቤት አከራዬ? እሷ ብትሞት ይበልጣል እኔን «ያጽናሽ» አይለኝም። የማኅበራችን ሴቶች? ለእነሱም አይልም። እንደዚያ የሚባለው ለሥጋ ዘመድ ነው። አገር ቤት ያሉ የእኔ ሥጋ የሆኑ ሴቶች ደግሞ ሁለት ብቻ ናቸው፤ እናቴና እትዬ ማንጠግቦሽ። እትዬ ልባቸውን ያማቸዋል፤ ልሰናበታቸው ስሄድ አልጋ ላይ ነበሩ።

አሁን የምጽፈውን ለንስሐ አባቴ እንኳ ለመናገር ጊዜ ፈጅቶብኛል። በሁለት ዛፎች መካከል በተዘረጋ የገመድ ድልድይ ላይ ቆሜ፣ ከሥሬ ጭጋግ ብቻ እየታየኝ፣ «ጌታዬ፣ እትዬ ማንጠግቦሽ ይሁኑ» ብዬ ጸለይኩ። በልጅነቴ በጀርባቸው ያዘሉኝን ሴት ሞተው እንዲገኙልኝ ለመንኩ። ለምኜ ስጨርስ ራሴን ተጸየፍኩት፤ ልመናዬን ግን አልመለስኩትም።

ከላይ ከቅርንጫፉ ጦጣዎች መጮህ ጀመሩ። ድምፃቸው ትልቅ ነው፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው እየተቀበለ እንደ ለቅሶ ቤት ጩኸት ይቀባበላሉ። ማርቲን በደስታ ሊዘል ምንም አልቀረው። «ዕድለኞች ናችሁ! ሁልጊዜ አይሰሙም!» አለን።

ከደኑ ወጥተን ወደ ተራራው ስንወጣ ብርዱ በረታ። ሻንጣዬ ውስጥ ከአገር ያመጣሁት ነጠላ ነበር፤ አውጥቼ ደረብኩት። መኪና ማቆሚያው ላይ ስንደርስ ስልኬ ነፍስ ዘራ። የይበልጣልን መልእክት ፈለግሁ፤ የለም። ልኮ አጥፍቶታል። ሰውየው መሳሳቱን አውቋል ማለት ነው። ኋላ እንደነገረኝ፣ አርባው ከወጣ መርዶው ተነግሯታል ብሎ ገምቶ ነበር።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ እማ እንዴት ናት?»

«ደኅና ናት። ጠበሉ ተስማምቷታል።»

«እትዬ ማንጠግቦሽስ?»

ትንሽ ዘገየ። «እሳቸውም ደኅና ናቸው» አለኝ። «ምነው ዛሬ ስለ እሳቸው ጠየቅሽ?»

«እንዲያው ነው።»

ያ መዘግየቱ ተስፋ ሰጠኝ። እንግዲያው የሚደብቀኝ እትዬን ነው አልኩ። አሁን ሳስበው የሚገርመኝ ያ ተስፋ የተባለ ነገር ነው፤ የሰው ሞት ላይ ይቆምና እንደ ደግ ነገር ፈገግ ያሰኛል።

ወደ ተራራው አፍ የሚያደርሰው መንገድ አጭር ነው። መግቢያው ላይ ድንጋይ ቢፈናጠር ብለው ለእያንዳንዳችን ሄልሜት ሰጡን፤ ጭሱ መጥፎ ስለሆነ ከሃያ ደቂቃ በላይ መቆየት አይቻልም አሉን። አፋፉ ላይ ስንደርስ ግን የሚታይ ነገር አልነበረም። ደመናው ጉድጓዱን ሞልቶታል። ሁሉም አጥሩን ተደግፎ ደመናው እስኪገለጥ ይጠብቅ ጀመር።

እኔ ከእነሱ ራቅ ብዬ ቆምኩና የእትዬ ማንጠግቦሽን ቁጥር ደወልኩ። ሞጣ ያን ጊዜ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። ስልኩ ጠራ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ጠራ። የሞተ ሰው ስልክ ይጠራል እንጂ አይነሳም እያልኩ እቆጥራለሁ። ስድስተኛው ላይ ተነሳ።

«ሃሎ? ማነው?»

ራሳቸው ነበሩ። ሳላቸው እንኳ አልተለወጠም።

«እትዬ፣ ትርንጎ ነኝ።»

«እሰይ! እሰይ፣ ልጄ! ድምፅሽን ያሰማኝ አምላክ ይመስገን! ምግቡ ተስማማሽ? ብርዱስ?»

ሰው ደኅና መሆኑን ሰምቼ እንደዚያ የደነገጥኩበት ጊዜ በሕይወቴ የለም። አጥሩን ያዝኩ።

«ደኅና ነኝ። እማስ?»

«እናትሽማ… ጠበል ናት። አንዳርጌ አልነገረሽም?»

«እትዬ፣ ጸጉርዎን ተላጭተዋል?»

ሳል ያዛቸው።

«ጥቁር ለብሰዋል?»

«ኧረ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው፣ ልጄ? በዚህ ምሽት?»

እትዬ ማንጠግቦሽ በሐሰት ሲምሉ ያየ ሰው የለም። ገበያ ላይ ዶሮ ሲሸጡ እንኳ «ይቺ ዶሮ እንቁላል መጣል አቁማለች» ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ይህን ስለማውቅ ጨከንኩባቸው።

«እማ በሕይወት አለች ብለው በጊዮርጊስ ይማሉልኝ» አልኳቸው።

አልማሉም። ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ከበስተጀርባቸው አንድ ሰው በር ዘጋ። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁኝ።

«አጠገብሽ ማን አለ?»

«ሰው አለ።»

«የእኛ ሰው?»

ዞር ብዬ አየሁ። ቢጫ ሄልሜት ያደረጉ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ደመና ያያሉ። አንድም አማርኛ የሚያውቅ የለም።

«አዎ፣ የእኛ ሰው» ብዬ እኔም በተራዬ ዋሸሁ።

«እንግዲያው ቁጭ በይ። ይያዙሽ» አሉኝ። ድምፃቸው ተሰበረ። «እኔ ምንም አልነገርኩሽም፣ ትርንጎ። ለአንዳርጌ ነገሩኝ እንዳትዪው፤ ያ ልጅ ጭንቀቱ ሊገድለው ነው። ስትመጪ በወጉ ይነግሩሻል። እኔ ምንም አላልኩም።»

እውነታቸውን ነው፤ ምንም አላሉም። እናትሽ ሞተች የሚል ቃል እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከማንም አፍ አልወጣም።

ስልኩን ስዘጋ ከኋላዬ ጩኸት ሰማሁ። ደመናው ተገልጦ ነበር። ከሥራችን ግራጫ ገደል፣ ከገደሉ ሥር አረንጓዴ ውሃ፣ ከውሃው ዳር ደግሞ እየተትጎለጎለ የሚወጣ ነጭ ጭስ ታየ። ሰዉ ያጨበጭባል፣ ይተቃቀፋል። አንድ የማላውቃቸው ባልና ሚስት ስልካቸውን ሰጡኝና ፎቶ አንሺን አሉኝ። አነሳኋቸው። «አንድ ጊዜ ደግመሽ» አሉኝ፤ ደገምኩላቸው። ሚስትየዋ አመሰገነችኝ።

በአገሬ ቢሆን ኖሮ ይህን ጊዜ መሬት ላይ ወድቄ፣ ሁለት ሴቶች ክንዴን ይዘውኝ፣ አንዷ ነጠላዬን ታስተካክል፣ ሌላዋ የእናቴን ስም እየጠራች ታስለቅሰኝ ነበር። ለቅሶ የሚቀበለው ሰው ይፈልጋል። አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም። ነጠላዬን አወለቅሁና አዘቅዝቄ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ ለበስኩት። የእኛ ሰው ያን ቢያይ ከሩቅ ቆሞ ነፍስ ይማር ይል ነበር። ግሬስ አየችኝና «ያምርብሻል፣ ላንሳሽ?» አለችኝ።

ለምን አልነገርኳትም? ደግ ልጅ ናት፤ ብነግራት ኖሮ ታቅፈኝ ነበር። ግን መንገር የምችለው በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር። የእናቴ ሞት መጀመሪያ በሰው አገር ቋንቋ፣ ያውም በራሴ አፍ እንዲነገር አልፈለግሁም። «አይ፣ በርዶኝ ነው» አልኳት።

ሃያው ደቂቃ ሳይሞላ ብቻዬን ወደ አውቶቡሱ ተመለስኩ። ሾፌሩ ሸምገል ያለ ሰው ነበር፤ እንግሊዝኛ አይችልም። ሬዲዮ ከፍቶ ዳቦ እየበላ ነበር። ወደ ኋላ አልፌ ተቀመጥኩና ፊቴን በነጠላው ሸፈንኩ። ጥቂት ቆይቶ ሬዲዮው ጠፋ። ቀና ስል ሾፌሩ ቆቡን አውልቆ ከእኔ ፊት ባለው ወንበር ተቀምጧል፤ ዞሮ አላየኝም፣ አልጠየቀኝም። ሌሎቹ እየሳቁ እስኪመጡ ድረስ እንደዚያው ተቀመጠ። ያን ቀን ለቅሶ የደረሰኝ እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ተኩል ቀረኝ። እየደወልኩ ወንድሜን «እማ እንዴት ናት?» እለው ነበር። «ደኅና ናት» ይለኛል። «ሰላም በላት» እለዋለሁ። «እሺ» ይለኛል። ሁለታችንም ስልኩን እንዘጋለን። ሌሊት ትራሴን ነክሼ አለቅሳለሁ፤ ጧት ተነሥቼ ስለ ችግኝ እማራለሁ። ብቸኝነትን አውቀዋለሁ እል ነበር፤ በቢቸናዋ ክፍል የኖርኩት ግን ብቸኝነት ሳይሆን ጸጥታ ነበር።

ቢቸና የገባሁ ዕለት ወንድሜ ደውሎ «ደክሞሻል፣ ዛሬ እዚያው እደሪ፤ ነገ እኔ እመጣለሁ» አለኝ። ገባኝ። መርዶ ጎሕ ሲቀድ ነው የሚነገረው። ለብሼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋቸው። አውቃለሁ ልላቸው ቆርጬ ነበር። ለምን ዋሻችሁኝ፣ ለምን አፈር ሳላለብሳት አስቀራችሁኝ የሚል ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር።

በሩ ሲንኳኳ ከፈትኩ። የንስሐ አባታችን፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ከሁሉ ኋላ ደግሞ ወንድሜ። ጢሙ አድጓል፣ ኮቱ ሰፍቶታል። ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። እትዬ በሽማግሌዎቹ ትከሻ ላይ አሻግረው አዩኝና ራሳቸውን በትንሹ ነቀነቁ፤ አደራ ማለታቸው ነው።

አንደኛው ሽማግሌ «ልጄ፣ ሰው ሆኖ ይህን መንገድ የማይሄድ የለም» ብለው ጀመሩ። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። «እናትሽ አርፋለች» ሲሉኝ ጮኽኩ። የማስመሰል ጩኸት አልነበረም። ያ ድምፅ ተራራው ላይ አልወጣ ያለኝ ድምፅ ነው፤ ሁለቱን ሳምንታት ሁሉ ጉሮሮዬ ውስጥ ነበር። እትዬ ክንዴን ያዙኝ፣ የቤት አከራዬ እየሮጠች መጣች፣ ጎረቤት ተሰበሰበ። ተያዝኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ሁላችሁም አንድ ቀን የምትደብቁት መርዶ ይኖራችኋል፤ ወይም የተደበቀባችሁ አለ። ልማዱን ጣሉት ልላችሁ አልመጣሁም። «አጠገብሽ ማን አለ?» ብሎ መጠየቅን የመሰለ ደግነት በሌላ አገር አላየሁም። ነገር ግን ሰው በሌለበት አገር ያለውን ከሐዘን እንጠብቃለን ስንል አርባ ቀን ሙሉ ከሞተችው ጋር እንዲያወራ እናደርገዋለን። እኔ ለሞተች እናቴ ስለ ቁርሴ እያወራሁ ድምፄን ቀድቼ ልኬያለሁ። ይህን ለጠላቴም አልመኝም።

እትዬ ማንጠግቦሽ ባለፈው ዓመት አረፉ። ልጃቸው ሰብለ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። ቀብሩ እንዳለቀ ዘመዶች ተሰበሰቡና «ለእሷ አይነገር፣ ጠበል ገብተዋል በሏት» ተባለ። እኔ ተነሥቼ እንቢ አልኩ፤ በጉባኤ መካከል ድምፄን ከፍ አድርጌ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ሁለት ቀን ስልክ ላይ ተቀምጬ ሰብለ የምትስምበትን ቤተ ክርስቲያን ሴቶች አፈላለግሁ። አንዷ የደጀን ልጅ ሆና ተገኘች። በማለዳ ሦስት ሆነው ሄደው አጠገቧ እንደተቀመጡ ሲነግሩኝ ደወልኩና እኔው ራሴ ነገርኳት። ስትጮህ ሴቶቹ አብረዋት ሲጮሁ ሰማሁ። ስልኩን ሳልዘጋ ቆየሁ።

ስጨርስ ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። «አንቺም ያን ጊዜ አውቀሽ ነበር፣ አይደል?» አለኝ።

«በምን አወቅህ?»

«ስለ እማ ትጠይቂኝ ነበር። መቼ ትወጣለች ማለት ግን ተውሽ።»

ተናደድኩ። «ታዲያ ካወቅህ ያን ሁሉ ሽማግሌ በማለዳ ከሞጣ ድረስ ምን ልታደርግ አመጣህብኝ?»

«ብቻሽን አልቅሰሻት ነዋ» አለኝ።